ስለ ደጋው ትንሽ በቀቀን

ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ ማልዶ የሚወጣ ሰው፥ በጥድና በዝግባ ጫፍ ላይ እየተንጫጩ የሚበሩ ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች ያያል። ቁመታቸው 16 ሴንቲሜትር ያህል የኾነ በቀቀኖች ናቸው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ የሴቲቱ ግን አረንጓዴ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር የሚኖሩበት ሌላ አገር የለም።

በቀቀንን በቤት ማኖር የቈየ ልማድ ነው። የጥንት ሮማውያን ባለጠጎች ከህንድ የሚመጣውን በቀቀን ቃል እያስተማሩ በቤታቸው ይቀልቡት ነበር። ኔሮን ቄሣር ወደ ኑብያ የላካቸው ሰዎችም በዓባይ ወንዝ አገር በቀቀን እንዳዩ ፕሊንዮስ ጽፏል።

የእኛው ወፍ በሊቃውንት መዝገብ የገባው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1809 እና በ1810 በአውሮፓ አቈጣጠር አገራችንን ጐብኝቶ ተመለሰ። በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፥ ስታንሊ የተባለው የአገሩ ሰው ወፎቹን ሲዘረዝር ይህን በቀቀን «ታራንታ» ብሎ ሰየመው፤ ታራንታም ከምጽዋ ወደ ደጋ የሚያወጣው የተራራ መንገድ ስም ነው። በ1836 ደግሞ ሴልቢ የተባለ ሊቅ ወገኑን ኹሉ «አጋፖርኒስ» አለው። በጽርዕ ቋንቋ «አጋፔ» ፍቅር፥ «ኦርኒስ» ወፍ ነውና፥ ትርጓሜው የፍቅር ወፍ ማለት ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ላባ ያበጥራል፤ በአፍ በአፍ ይጐራረሳሉ፤ ሌሊትም በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ያድራሉ። የጥድና የሾላ ፍሬ ይበላሉ።

በ20ኛው መቶ ዓመት ይህ ወፍ በአውሮፓ የሽቦ ቤት ገባ። ቃል ይለምድልኛል ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ያፍራል፤ ይህ ወገን የሰው ንግግር እምብዛም አይመስልምና። በወጥመድ የተያዘ እንደ ኾነም አንዱ ሲወሰድ ሌላው ብቻውን በዱር ይቀራል። ስለዚህ የመንግሥታት ስምምነት ከ1981 ጀምሮ የበቀቀኖችን ንግድ በቁጥጥር ሥር አዋለው፤ ኢትዮጵያም በ1989 ስምምነቱን ተቀበለች።

ነገር ግን ወጥመድ ብቻ ጠላቱ አይደለም። የአርሲ ደጋ ለስንዴና ለገብስ የታረሰ ምድር ነው፤ እርሻውም ሲሰፋ አሮጌው ጥድ፥ ዝግባና ኮሶ ወደቀ። ወጣት ዛፍ ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳ ለማበጀት ብዙ ዘመን ይፈልጋል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ዛሬ እንቍላሉን የሚጥልበትን ስፍራ ግን አይሰጠውም።

እንግዲህ ከዚህ ወፍ ጋር ወዳጅነት የሚሻ የከተማ ሰው የሽቦ ቤት መግዛት አያስፈልገውም። በደጁ ወይም በደብሩ ቅጥር የቆመውን አሮጌ ጥድ፥ ባዶ ቅርንጫፉንና ቀዳዳውን ጨምሮ፥ ሳይቈርጥ ይተውለት፤ ወፉ ራሱ ሚስቱን ይዞ ይመጣ ይኾናል።