ከጥበት ወደ ስንጥቅ፤ የስብ አሳናሽ መድኃኒቶችና የልብ ደም ቅዳዎች

የልብ ደም ቅዳ ሕመም ለረጅም ዘመን የጥበት ሕመም ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ የሚጠራቀመው ስብ መተላለፊያውን ቀስ በቀስ እያጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ይደፍነዋል፤ የልብ ጡንቻም ደም ተነፍጎ ይሞታል የሚለው አስተሳሰብ በራጅ የሚታየውን ጥበት የሕክምና ዋና ዒላማ አደረገው። ሐሳቡ ቀላልና ማራኪ ነበር፤ ሙሉ እውነት ግን አልነበረም።

ይህን አስተሳሰብ ለመለወጥ የረዳው መድኃኒት የተገኘው ከሻጋታ ነው። ጃፓናዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ አኪራ ኤንዶ በሳንክዮ ኩባንያ ከ1971 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ6,000 የሚበልጡ የሻጋታ ዝርያዎችን መርምሮ፣ ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኤንዛይም የሚገታ ኮምፓክቲን የተባለ ንጥረ ነገር በ1973 አገኘ። መድኃኒቱ የአይጦችን ኮሌስትሮል አልቀነሰም፤ የእንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ግን ቀነሰ። አይጥ ብቻ ቢታመን ኖሮ ነገሩ በእንጭጩ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ውሾች ላይ ዕጢ ሳያስከትል አልቀረም በሚል ጥርጣሬ የኮምፓክቲን ሙከራ በ1980 ቆመ። የመርክ ኩባንያ ከሌላ ሻጋታ ያገኘው ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንቆቅልሹ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግሬግ ብራውንና ባልደረቦቹ በሲያትል አካሂደው በ1990 ባሳተሙት ጥናት 146 ወንዶች ለሁለት ዓመት ተኩል ክትትል ተደረገላቸው። ሎቫስታቲን ወይም ኒያሲን ከኮሌስቲፖል ጋር በወሰዱት ዘንድ የጥበቱ መሻሻል በራጅ ፊልም ላይ በዓይን የማይለይ ያህል ጥቂት ነበር። ነገር ግን የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 52 ሰዎች መካከል 10ሩ ለሞት፣ ለድንገተኛ የልብ አደጋ ወይም ለቧንቧ ጥገና ሲዳረጉ፣ ብርቱውን ሕክምና ከወሰዱት 94 ሰዎች ግን ይህ የደረሰባቸው 5 ብቻ ነበሩ። ቧንቧው ካልሰፋ፣ ሰዎቹን ያዳናቸው ምንድን ነው?

መልሱ ከአስከሬን ምርመራ ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። የለንደኑ ማይክል ዴቪስ በ1980ዎቹ በድንገት የሞቱ ሰዎችን ሲመረምር፣ ብዙውን ጊዜ ደም የሚረጋው በተሰነጠቀ የስብ ክምር ላይ መሆኑን አሳየ። በ1988 የታተሙ ጥናቶችም በኋላ የተደፈኑት ብዙዎቹ ስፍራዎች አስቀድሞ በራጅ ሲታዩ ከግማሽ በታች ብቻ የጠበቡ እንደነበሩ ገለጹ። አደገኛው ክምር ለስላሳ የስብ እምብርትና ስስ የኮላጅን ሽፋን ያለው ነው፤ በብግነት የተቆጡ ሕዋሳት የሚያመነጩት ኤንዛይም ሽፋኑን ይሸረሽራል። በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሲቀንስ እምብርቱ ይሟሽሻል፣ ብግነቱ ይበርዳል፣ ሽፋኑ ይጸናል።

በ1994 የታተመውና 4,444 ሕሙማንን ያካተተው የስካንዲኔቪያ ጥናት ጥርጣሬውን አከሰመው፤ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182፣ ካልወሰዱት ደግሞ 256 ሰዎች ሞቱ። የሽፋኑ መጽናት ራሱ በሕያው ሰው ልብ ውስጥ ሊለካ የቻለው ግን በብርሃን የሚሠራ የደም ቅዳ መመርመሪያ ከመጣ በኋላ ነው። በ2022 በታተመ ጥናት ከስታቲን ጋር ኤቮሎኩማብ በተጨመረላቸው ሕሙማን ሽፋኑ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ በ42.7 ማይክሮሜትር ሲወፍር፣ በስታቲን ብቻ በታከሙት በ21.5 ወፈረ። ጥናቱ ግን ሽፋኑን እንጂ ሞትን ለመመዘን የታቀደ አልነበረም።