ደቻቱን መሻገር

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ የኩባንያው መሐንዲሶች ከዚራን በማስመሪያ የተሰመረች ያህል ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ቀየሷት። መጋላ ግን ከደቻቱ ማዶ፣ እንደ ገበያዋና እንደ ጠባብ መንገዶቿ አደገች። ስለዚህ ከተሜው መሥሪያ ቤት ለመሄድም ሆነ ቀፊራ ለመገብየት ያንኑ ወንዝ ይሻገራል። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጪ ቢሠራም ይህ ልማድ አልተለወጠም፤ መኪናውም የሚተፋፈገው እዚያው ድልድዩ አፍ ላይ ነው።

በፔጆ 404 ታክሲ ዘመን፣ ድልድዩ ሲጨናነቅ፣ በደረቁ አሸዋ ማቋረጥን እንደ ብልሃት እንቆጥረው ነበር (ወንዙ በበጋ ወንዝ አይመስልማ!)። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። ከዚያ ወዲህ ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ባጃጅ ነጂውን «በአሸዋው እንውረድ» ብዬው አላውቅም።