የስደት ዘመን የቪዲዮ ካሴት እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ዳላስና ፎርት ዎርዝ

እ.ኤ.አ. የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ከፊሎቹ በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ኑሯቸውን በመሠረቱበት ዘመን፣ የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ እየገባ ነበር። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የዘመን መለወጫው በዓል፣ ስብሰባውና ለቅሶው ሳይቀር በካሴት ተቀርጿል። ስለሆነም የስደቱን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ በወረቀት ከቀረው ሰነድ ባሻገር እነዚህን ካሴቶች መመርመር ይኖርበታል። ሆኖም ካሴትም እንደ ማናቸውም ሰነድ ሂስ ይሻል፤ የሂሱም መነሻ፣ በእኛ አስተያየት፣ ምስሉ ያለፈባቸውን መሣሪያዎች ማወቅ ነው።

በዘመኑ አነስተኛ የሚባለው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ክፍል ሁለት የካሴት መሣሪያዎችና ሁለት ሞኒተሮች ነበሩት። ከማጫወቻው የምስል መውጫ የተነሣው ገመድ ወደ መቅጃው የምስል መግቢያ ይዘረጋል፤ ድምፁም በሌላ ገመድ እንዲሁ። አንደኛው ሞኒተር ጥሬውን ምስል፣ ሁለተኛው የተቀነባበረውን ያሳያል። በመካከል ያለው መቆጣጠሪያ ሁለቱን ካሴቶች ጥቂት ወደ ኋላ መልሶ እኩል ካስኬዳቸው በኋላ፣ በተመረጠችው ቅጽበት መቅዳት ያስጀምራል። ፊልም በመቀስ ተቆርጦ ይቀጠላል፤ የካሴት ቅንብር ግን የሚከናወነው በመገልበጥ ነው። ይኸውም የተቀነባበረ ካሴት ሁሉ ከመነሻው ግልባጭ ነው ማለት ነው፤ ለዘመድ የሚታደለው ደግሞ የግልባጭ ግልባጭ ይሆናል። በእያንዳንዱ እርከን ቀለሙ ይፈዛል፤ የፊት ገጽታ ይደበዝዛል።

ከአገር ቤት በሚመጣው ካሴት ላይ ሌላ ችግር ይታከልበታል። ኢትዮጵያ ትጠቀምበት የነበረው የፓል ሥርዓት በ625 መስመርና በሰከንድ 25 ምስሎች የሚሠራ ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ደግሞ በ525 መስመርና በሰከንድ ወደ 30 በሚጠጉ ምስሎች ይሠራ ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከ ካሴት በዳላስ ተራ መሣሪያ ውስጥ ቢገባ በወጉ አይታይም። ሥርዓት ለዋጭ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መለወጡም ሌላ መገልበጥ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምናገኘው ደብዛዛ ካሴት ብዙውን ጊዜ የሚመሰክረው ስለ ተጓዘበት መንገድ ርዝመት ነው።

ከምስሉ ጥራት የሚበልጥ ቁም ነገርም አለ። አቀነባባሪው የመረጠው ወደ መቅጃው ተሻግሯል፤ ያልመረጠው በጥሬው ካሴት ላይ ቀርቷል። የተቆረጠው ንግግር፣ በስብሰባው የተነሣው ክርክር፣ በማዕዘን ተቀምጠው የነበሩት አረጋውያን ጨዋታ ለታሪክ ጸሐፊ ከተዋበው ቅንብር ይልቅ ሊጠቅሙት ይችላሉ። የሚያሳዝነው፣ ጥሬው ካሴት ለቁጠባ ሲባል ሌላ ነገር ሊቀዳበት መቻሉ ነው።

የአካባቢው ከተሞች የራሳቸውን የምስል ቅርስ በከፊል አድነዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 በፎርት ዎርዝ ሥራ የጀመረው የቴክሳስ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና ፊልሞች በዴንተን በሚገኘው ኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ የደብሊው.ኤፍ.ኤ.ኤ. ጣቢያ የዜና ፊልሞች ደግሞ በዳላስ በሳውዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀዋል። በየቤቱ ጓዳና ጋራዥ የተቀመጠው ካሴት ግን ሙቀት ይፈጀዋል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ የቪ.ኤች.ኤስ. መሣሪያ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ለዚህ ሥራ አርአያ አናጣም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በገዳማትና በአድባራት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ግልባጫቸው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጧል። የካሴቱም ሥራ በዚሁ መንፈስ ሊከናወን ይገባል። አስቀድሞ ከግልባጮቹ መካከል ዋናውን መለየት፤ ከዚያም ያለ አማላጅ መሣሪያ ከደህና ማጫወቻ በቀጥታ ወደ ዲጂታል ማዛወር፤ በመጨረሻም የብራና ጸሐፊዎች በመጽሐፉ መደምደሚያ ስማቸውንና ዘመናቸውን ያኖሩ እንደነበር፣ ማን እንደ ቀረጸው፣ የት፣ መቼ፣ ከየትኛው ካሴት እንደ ተገለበጠ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስታውሱት ቀራጮች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ካሴቱ ቢድን እንኳ እነርሱ ሳይጠየቁ ካለፉ፣ በምስሉ የሚታዩት ሰዎች ስም አልባ ሆነው ይቀራሉ።