የቅድስት ሞኒካ ዕንባ

ከቤቱ አንዱ ከካቶሊካዊት ሃይማኖት ተለይቶበት ለሚያዝን ኹሉ የቅድስት ሞኒካ ታሪክ መጽናኛ ነው።

ልጅዋ አውግስጢኖስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ354 ዓመት በሰሜን አፍሪቃ በታጋስተ ከተማ ተወለደ። በእናቱ ሃይማኖት ቢያድግም፥ በቅርጣግና ሲማር የማኒን ኑፋቄ ተቀብሎ 9 ዓመት ያህል ቈየበት። እናቱም በመጀመሪያ ከማዕድዋ ለየችው፤ ኋላ ግን በሕልም ተጽናንታ መለሰችው። አንድ ኤጲስ ቆጶስም ልጅዋን ተከራክሮ ይረታላት ዘንድ ብትለምነው፥ ልቡ ገና ለምክር እንዳልተዘጋጀ ገልጾ ጸሎትን መከራት።

በ383 ዓመት አውግስጢኖስ ወደ ሮማ ሊሄድ ቢነሣ፥ እንዳይሄድባት ሌሊቱን ስትጸልይ አታሎአት በመርከብ ሄደ። ጸሎትዋ የተናቀ መሰለ። ነገር ግን ያ መንገድ ወደ ሚላኖ፥ ወደ ቅዱስ አምብሮስዮስ ስብከት አደረሰው፤ በ387 ዓመትም በፋሲካ ሌሊት በእጁ ተጠመቀ። እግዚአብሔር የአንዲቱን ሌሊት ልመና የነሣት፥ የዘመንዋን ኹሉ ልመና ሊሰጣት ነው።

እርስዋም በዚያው ዓመት በኦስትያ ዐረፈች። ልጆችዋ ስለ መቃብርዋ ስፍራ ሳይጨነቁ በመሠዊያው ፊት ብቻ እንዲያስቡአት ለመነች። ስለ ልጅዋ ስትጸልይ የኖረች እናት፥ የራስዋን ነፍስ ለልጅዋ ጸሎት አደራ ሰጠች።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ የተለየንን ወገን ከማዕዳችን አናርቀው፤ በክርክርም አናስመርረው፤ በቅዳሴ ጊዜ ግን በልባችን ስሙን እናንሣ። እግዚአብሔር በየትኛው መርከብ እንደሚመልሰው አናውቅምና።