ትኬት ቆራጩና የለገሃሩ አንበሳ

ሕልም ሲነጋ አብሮ አይቆይም፤ ፊት እስኪታጠቡ ድረስ ግማሹ ይጠፋል። ይኼኛው ግን ሙጭጭ አለብኝ። እስቲ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርም።

ለገሃር ነኝ። እንዴት እንደደረስኩ አትጠይቁኝ፤ በሕልም መድረስ እንጂ መንገድ የለም። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ከትንሿ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ። በእውኑ ዓለም ትኬት ቆርጬ አላውቅም፤ እዚያ ግን ከአባቴ የወረስኩት ሥራ ይመስል እጄ ይፈጥናል። ትኬቱ ቢጫ ካርቶን ነው፤ ቀለሙ ጣቶቼ ላይ ይቀራል። ሰልፉ እስከ ውጭ ድረስ ይሄዳል፣ ግን የሚያወራ የለም። ሰዉ ሁሉ ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማውን በእጁ ይዟል።

ድንገት መስኮቱ ጨለመ። ቀና ብል አንበሳው! ያው ለገሃር አደባባይ ላይ የምታውቁት ሐውልት፣ ዘውዱን እንደደፋ። ከድንጋዩ ወርዶ፣ ተራውን ጠብቆ ተሰልፏል ማለት ነው። መናገሩ አልገረመኝም፤ የገረመኝ ድምፁ ነው። ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ድምፅ ነበረው።

«የሮማው ስንት ሰዓት ይነሣል?»

«ጌታዬ፣ እኛ ጋ ያለው የድሬዳዋና የጅቡቲ ብቻ ነው» አልኳቸው። አዎ፣ አንቱ ነው ያልኩት፤ ዘውድ የደፋ አንተ አይባልም።

«አውቃለሁ። እዚያ ትቼው የመጣሁት ልጅ አለ።»

እዚህ ላይ ሕልሙን ላቁመው፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ይህ አንበሳ በ1923 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ሮማ ወሰደው። ያቆመው ደግሞ የት መሰላችሁ? ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በዶጋሊ ለሞቱ ወታደሮች ከተሠራው ሐውልት ሥር። በ1879 ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር መሆኑ ነው። የቂም አቀማመጥ ማለት እንዲህ ነው!

በሰኔ 1930 ኤርትራዊው አስተርጓሚ ዘርዓይ ድረስ እዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት ሲመጡ ጎራዴውን መዘዘ፤ ሰዎች አቆሰለ፤ በመጨረሻ ተያዘ። ብዙዎቻችን እዚያው እንደተገደለ ሲነገረን ነው ያደግነው። የሞተው ግን ከ7 ዓመት በኋላ፣ ሲሲሊ ውስጥ፣ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ነው። ለእኔ ይኼኛው ሞት ይከብዳል። አንበሳው ከረጅም ድርድር በኋላ በንጉሡ ዘመን ለገሃር ተመለሰ።

ወደ ሕልሜ። «ሮማ» የሚል ማኅተም ብፈልግ ብፈልግ የለም። በእጄ ጻፍኩት፤ ቀለሙ አልደርቅ አለ። አንበሳው ከጋማው ውስጥ አንድ ጠገራ ብር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ብሩ እርጥብ ነው። መልስ ልሰጥ መሳቢያውን ስስብ፣ «ተወው» አለኝ። «የመመለሻውን ለሁለት ቁረጥበት።»

ሁለቱን ትኬት እንደቆረጥኩ ሰልፈኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያ ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ።

ጠዋት ሕልም ፈቺ ለሆኑት ጎረቤቴ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ሕልም አየሁ።»

«ለደግ ያርገው፤ በል ንገረኝ ልጄ።»

ጨርሼ ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀመጡ። «አንበሳ ባለሥልጣን ነው። ቀበሌ ጉዳይ አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

«እርጥቡ ብር እንባ ነው። ግን አንተ ተቀባይ እንጂ ከፋይ አይደለህም፤ እንባው የሌላ ነው።» ከዚያ ረጅም ዝም አሉና፣ «ለሁለት ቁረጥ ያለህን ቆርጠህ ሰጥተኸዋል?» አሉኝ።

«ሰጥቻቸዋለሁ።»

«እንግዲያ ደግ አድርገሃል።»

በእርግጥ ሕልሙ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም፤ ማታ ስለ ዘርዓይ ሳነብ ነው ያመሸሁት። አንበሳውም፣ ሮማም፣ ባቡሩም ከዚያው ወጥተዋል። ጫማቸውን በእጃቸው የያዙት ሰዎች ግን ካነበብኩት ውስጥ የሉም፤ እማማም አልፈቷቸውም። ፍቺውን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ክፉ ከሆነ ግን ለራሳችሁ ያዙት።