የስውር ዓይን ቀለብ

ዘብ የቆመ ሰው ቀለብ ይሻል። ተሸሽጎ የሚያይ ካሜራም እንዲሁ ነው። ስለ ስለላ መሣሪያዎች የተጻፈውን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓይኑን ታሪክ ነው፤ ምን ያህል አነሰ፣ የት ተሸጎጠ፣ ማንን አጋለጠ ይባላል። ጉልበቱን ከየት ያገኝ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ የሰላዩን መሸሸጊያ ከሰላዩ ይልቅ የመረጠለት ይኸው ቀለቡ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ስውር ካሜራዎች ቀለብ አያሻቸውም ነበር። በ1886 ለገበያ የቀረበው የሽቲርን ካሜራ ክብና ስስ ሆኖ ከሰደርያ ሥር የሚታሰር ነው። መነጽሩ በቁልፍ ቀዳዳ በኩል ብቅ ይላል፤ ባለቤቱ ክር ሳብ ሲያደርግ በአንዲት ክብ መስታወት ላይ እስከ ስድስት ምስል ይነሣል። ሥራው ሁሉ በብርሃንና በሰው እጅ ያልቃል። በ1950ዎቹ የሶቪየት ሰላዮች ከኮት ቁልፍ ጀርባ የደበቁት ኤፍ-21 የተባለው ካሜራም፣ ሮቦት ከተባለው የጀርመን ካሜራ የተቀዳ ሲሆን፣ እንደ ሰዓት በሞላ የሚሠራ ነበር። ሞላው ከተጠመዘዘ ፊልሙን ራሱ እየጎተተ ተከታታይ ምስል ያነሣል። ጉልበቱን የሚሰጠው ግን አሁንም ካሜራውን የለበሰው ሰው ነው።

ችግሩ የመጣው ሰውዬው ከክፍሉ ወጥቶ ካሜራው ብቻውን እንዲቀር በተፈለገ ጊዜ ነው።

ሬይ ዞፖት የተባለ የዜሮክስ ኩባንያ መሐንዲስ በ1990ዎቹ እንደተረከው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ ሲ.አይ.ኤ.፣ በዋሽንግተን የሶቪየት ኤምባሲ ባለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ካሜራ ለማስገባት ፈለገ። ዞፖትና ባልደረቦቹ ለቤተሰብ ፊልም ማንሻ የሚሸጥ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አነስተኛ ካሜራ ገዝተው አሻሻሉት። ማሽኑ ወረቀት ለመገልበጥ መብራቱን ሲያበራ ካሜራው ይነቃል፤ መብራቱ ሲጠፋ ይተኛል። የባትሪ ድንጋይ ያልቃል፣ ፊልምም ያልቃል። ስለዚህ እየገባ የሚለውጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው የማሽኑ ጠጋኝ ነበር። ሶቪየቶች በር ከፍተው ያስገቡት ነበር ማለት ነው።

የቀለቡ ጥያቄ ከሁሉ በረቀቀ መንገድ የተመለሰው ግን በማዳመጫ ላይ ነውና ለጥቂት ጊዜ ከዓይን ወደ ጆሮ እንለፍ። በ1945 የሶቪየት ልጆች በሞስኮ ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቬሬል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም በስጦታ አበረከቱ። ማኅተሙ በአምባሳደሩ መኖሪያ ሰባት ዓመት ተሰቅሎ አራት አምባሳደሮችን አዳመጠ። ፈታሾች በየጊዜው ይመጡ ነበር፤ የሚፈልጉት ሽቦ ወይም ባትሪ ነበርና ምንም አላገኙም። በውስጡ የነበረው ስስ ገለፈት ያለበት የብረት ጽዋና አንዲት ዘንግ ብቻ ነው። ሶቪየቶች ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲልኩበት ብቻ ሕይወት ይዘራል፤ የሰው ድምፅ ገለፈቱን ሲያርገበግበው ሞገዱ ድምፁን ተሸክሞ ይመለሳል። ፈልሳፊው ሌቭ ቴርሜን ነው፤ ያው እጅ ሳይነካው የሚዘፍነውን የሙዚቃ መሣሪያ የሠራው። በ1952 አምባሳደር ጆርጅ ኬናን ደብዳቤ የሚያጽፉ መስለው ጮክ ብለው ሲናገሩ፣ ባለሙያዎቹ ሞገዱን ተከትለው ማኅተሙ ዘንድ ደረሱ። ያለ ቀለብ የሚኖረውን ያጋለጠው ከውጭ የተላከለት ቀለብ ነው።

በዚያችው ሞስኮ ጉዳዩ እንደገና ተነሣ። በ1984 የአሜሪካ ኤምባሲ የጽሕፈት መኪናዎች ተጭነው ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። አንድ ባለሙያ በአንዱ መኪና ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ትርፍ ጥቅል ሽቦ አየና በራጅ አነሣው። በመጨረሻ 16 መኪናዎች የሚጻፈውን ሁሉ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ተቀብሮባቸው ተገኙ። ከፊሎቹ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ነበሩ፤ ከፊሎቹ ግን ከመኪናው ከራሱ መብራት ይቀለቡ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሚሰልለውን መሣሪያ የመብራት ሒሳብ ራሱ ይከፍል ነበር ማለት ነው!

ወደ ዓይን እንመለስ። የቀድሞው የቴሌቪዥን ካሜራ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ፣ መብራት የሚበላ፣ የሚግልም ስለነበረ ግድግዳ ውስጥ ለመቅበር አይመችም። በ1969 ቦይልና ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ ቱቦውን የሚተካ የሲሊኮን ቅንጣት አሰቡ። በ1990ዎቹ ኤሪክ ፎሱም ለጠፈር መንኮራኩር ብሎ ያጎለበተው ሌላው ዓይነት ቅንጣት ደግሞ የመብራት ፍጆታውን እጅግ ዝቅ አደረገው። ለጠፈር ጉዞ የታሰበው ቁጠባ ዛሬ በኪስ ስልክ ውስጥ አለ፤ በስውር ካሜራም ውስጥ አለ።

ይሁንና ረሃቡ አልጠፋም። በባትሪ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ያለማቋረጥ ካየ ቶሎ ይደክማል። ረጅም ጊዜ መቆየት ካለበት እንደ ዞፖት ካሜራ መተኛትን ይማራል፤ የሰው እንቅስቃሴ ሲሰማው ብቻ ይነቃል። ሌት ተቀን አይቶ ምስሉን ወደ ሩቅ ማስተላለፍ ከተፈለገ ግን ከቤቱ መብራት መቀለብ አለበት። በግድግዳ ሰዓት፣ በስልክ ቻርጀር፣ በጭስ ጠቋሚ መልክ የሚሸጠው ለዚህ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ሽቦ ወይም ባትሪ ቢኖራቸው ማንም አይደነቅም።

በመጋቢት 2019 የደቡብ ኮሪያ ፖሊስ በአሥር ከተሞች፣ በ30 የእንግዳ ማረፊያዎች፣ በ42 ክፍሎች የተተከሉ ስውር ካሜራዎች ማግኘቱን አስታወቀ። ወደ 1,600 የሚሆኑ እንግዶች ሳያውቁ ተቀርጸው ገመናቸው በኢንተርኔት በቀጥታ ተላልፏል። እንግዶቹ በሩን ቆልፈው፣ መጋረጃውን ጋርደው ነበር የተኙት። ካሜራዎቹ የተገኙት በሦስት ዓይነት ቦታ ነው፤ በቴሌቪዥን ሣጥን ውስጥ፣ በግድግዳ ሶኬት ውስጥ፣ በጸጉር ማድረቂያ መስቀያ ውስጥ። ከሦስቱ መብራት የማይደርስበት አንድም የለም።