ከማረጥ በኋላ ኮሌስትሮል፣ የሆርሞን ሕክምና እና ዘረመል

አንዲት ሴት ሌላ ምክንያት ሳይኖር ለ12 ተከታታይ ወራት የወር አበባ ካላየች አርጣለች ይባላል። ይህ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። በዚህ ወቅት አመጋገብዎን ሳይቀይሩ፣ ክብደትዎም ሳይጨምር የኮሌስትሮል መጠንዎ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ኮሌስትሮል ለምን ይጨምራል?

መጥፎ ኮሌስትሮል የሚባለውን ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ ለቅሞ የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት በጉበት ሴሎች ላይ ያሉ ተቀባዮች ናቸው። ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የእነዚህን ተቀባዮች ቁጥር ይጨምራል። ስታርጥ ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ተቀባዮቹም ይቀንሳሉ፤ ኤልዲኤልም በደም ውስጥ ይከማቻል። ጭማሪው ጎልቶ የሚታየው የመጨረሻው የወር አበባ በታየበት ጊዜ አካባቢ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው።

የሆርሞን ሕክምና ኮሌስትሮልን እንዴት ይለውጣል?

የሆርሞን ሕክምና ኢስትሮጅንን በመድኃኒት መልክ መተካት ነው። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻዋን ከወሰደች የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያጋልጣት ስለሚችል ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን አብሮ ይሰጣታል።

• የሚዋጥ እንክብል፦ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ለውጡ ከፍተኛ ነው። ኤልዲኤልን ይቀንሳል፣ ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለውን ኤችዲኤልን ይጨምራል። በሌላ በኩል ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ ከፍ ያደርጋል፤ ደም የመርጋት ዕድልንም ይጨምራል።
• በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚቀባ፦ መጀመሪያ በጉበት ስለማያልፍ በኮሌስትሮል ላይ ያለው ለውጥ አነስተኛ ነው። ትራይግሊሰራይድን ግን አይጨምርም።

ቁጥሩ ከተሻሻለ ልብም ይጠበቃል ማለት ነው?

አይደለም። በ1998 ውጤቱ የታተመው ኸርስ የተባለው ጥናት የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 2,763 ያረጡ ሴቶች በአማካይ ለ4.1 ዓመት ተከታትሏል። ሆርሞን የወሰዱት ሴቶች ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ኤልዲኤላቸው በ11 በመቶ ያነሰ፣ ኤችዲኤላቸው በ10 በመቶ የበለጠ ነበር። ይሁን እንጂ በልብ ሕመም የተጠቁት ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት በርክቶ ታይቷል።

በ2002 ደግሞ በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ከታሰበለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ ከወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በየዓመቱ ካልወሰዱት በላይ 7 ሴቶች በልብ ሕመም፣ 8 በስትሮክ፣ 8 በሳንባ ደም መርጋት፣ 8 በጡት ካንሰር ተጠቅተዋል። በአንጻሩ የዳሌ አጥንት ስብራትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀንሷል። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበር ማስታወስ ይገባል፤ ገና እንዳረጡ በሚጀምሩ ጤናማ ሴቶች ላይ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ስለዚህ የሆርሞን ሕክምና ለኮሌስትሮል ወይም ለልብ መከላከያ ተብሎ አይታዘዝም። ተገቢ ቦታው ድንገተኛ የሰውነት መጋል፣ የሌሊት ላብና የብልት ድርቀት ሲያስቸግር ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ሴቶች ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ያመዝናል።

የዘረመል ድርሻ

ሁለት እኩያ ሴቶች አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ ምክንያት ከወላጆቻቸው የወረሱት ዘረመል ነው።

• የኢስትሮጅን ተቀባይ ዘረመል፦ በ2002 የታተመ ጥናት የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 309 ያረጡ ሴቶች መርምሮ፣ በዚህ ዘረመል ላይ አንድ ዓይነት ልዩነት ያላቸው ሴቶች ሆርሞን ሲወስዱ የኤችዲኤላቸው ጭማሪ ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ከላይ እንዳየነው የኤችዲኤል መጨመር ብቻውን ለልብ ዋስትና አይሆንም።
• አፖኢ፦ ኢ4 የተባለው ዓይነት ያላቸው ሰዎች ኤልዲኤላቸው ከፍ ይላል፤ ኢ2 ያላቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል።
• በቤተሰብ የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፦ ከ250 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።
• የሚወረስ ከፍተኛ ትራይግሊሰራይድ፦ እንዲህ ያለባት ሴት የሚዋጥ ኢስትሮጅን ከወሰደች ትራይግሊሰራይዷ እጅግ ንሮ አደገኛ የቆሽት ብግነት ሊያስከትልባት ይችላል።

የሆርሞን ሕክምና ለመወሰን የዘረመል ምርመራ በመደበኛነት አይደረግም። የቤተሰብዎን የጤና ታሪክ ማወቅ ግን ያለ ወጪ ብዙ ይነግርዎታል።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የደም ስብ ምርመራ ያድርጉ። ኤልዲኤል በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሚወረሰው ዓይነት መሆን አለመሆኑ መጣራት አለበት፤ ልጆችዎና እህት ወንድሞችዎም ይመርመሩ።
• ቅቤና ጮማ ይቀንሱ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና አጃ ያዘውትሩ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ።
• ሐኪም ስታቲን ካዘዘልዎ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ሆርሞን የስታቲን ምትክ አይደለም።
• ሆርሞን ከመጀመርዎ በፊት የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን መድማት ኖሮብዎት ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም ተጠቅተው ከሆነም አይደብቁ።

ሆርሞን እየወሰዱ የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የአንደበት መተሳሰር ከገጠመዎ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።